ፊትሽ ፈቅዷል

ማክሰኞ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ጥርስ ሠሪዋ አደባባዩ ላይ ከራሷ ፊት ጋር ተገናኘች።

በመስተዋት ቢሆን ማንም ይገናኛል። ይኼ ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባለ አራት ፎቁን ሕንፃ ከነመስኮቱ በዋጠው ቢልቦርድ ላይ ነበር። ከአገጭ እስከ ግንባር ስድስት ሜትር! አንዱ ዐይኗ ብቻ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ምንጣፍ ያህላል። ፍንጭቷ ውስጥ ርግብ ጎጆ ብትሠራ ከነጫጩቶቿ ተንደላቃ ትኖርበታለች። ጭንቅላቷ ላይ መለዮ፣ ትከሻዋ ላይ የጠመንጃ ማንገቻ፣ ከሥር ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ሰው የሚያህል ጽሑፍ፦ «ወድጄ ፈቅጄ ዘመትኩ! አንቺስ?»

አንድ ባለታክሲ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ስዕሉን አየ፤ እሷን አየ፤ ደግሞ ስዕሉን አየ፤ በዚህ መሀል ፊቱ የቆመውን መኪና ገጨው። የተገጨው ሰውዬ ሊሳደብ ዘሎ ወረደና እሱም እሷን ሲያይ ስድቡ ከአፉ ጠፋ።

«እህቴ፣» አለ ባለታክሲው፣ «ከላይ መቼ ወረድሽ?»

የምሳ ዕቃዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀና እንዳለች ቀረች።

ነገሩ ከተጀመረ ሁለት ወሩ ነው። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለች፣ ያላገባች ሴት ሁሉ ለሁለት ዓመት ውትድርና «በገዛ ፈቃዷ» ትመዝገብ የሚል ትእዛዝ ከላይ ወረደ። ፈቃደኛ ያልሆነች ደግሞ ለምን ፈቃደኛ እንዳልሆነች በሦስት ኮፒ ጽፋ፣ አባቷን አስፈርማ፣ ቢሮ ቀርባ ታብራራ ተባለ። ሊያብራሩ ከገቡት ውስጥ ሳትመዘገብ የወጣች የለችም። ያገባች ግን ትቀራለች። ከዚያ ወዲህ የማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ ሰልፍ የዳቦውን ሰልፍ በእጥፍ በለጠው። አንዷማ ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቆም ወደ ሙሽራው ዞር ብላ «ለመሆኑ ስምህ ማን ነው?» አለችው፤ ከኋላቸው የተሰለፉ አርባ ሰዎች በጆሯቸው ሰምተዋል።

ጥርስ ሠሪዋ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አላገባችም፣ አልተመዘገበችምም። በዚያ ከተማ ሰም አቅልጦ፣ ጄሶ በጥብጦ፣ ድድ የማያቆስል አርቴፊሻል ጥርስ የሚሠራ ሌላ ሰው ስላልነበረ እስከዚያች ጠዋት ድረስ ቢሮ ነይ ብሎ የጠራት አልነበረም።

አሁን ግን ፊቷ እዚያ ላይ ነው። የግራ ቅንድቧን የምትከፍለው ቀጭን ጠባሳ ሳትቀር! ያቺን ጠባሳ ፀጉሯ ስለሚሸፍናት ከአባቷ በቀር ማንም አያውቃትም። የምትታየው ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ መብራቱ ሥር ከሰው አፍ በላይ ስታጎነብስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ታካሚ ሁሉ ፈርቶ ዐይኑን ይጨፍናል።

ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው ሠዓሊው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የዳቦ ቤት ታፔላ ሲጽፍ ከመሰላል ወድቆ የፊት ጥርሱ ተሰበረ፤ እሷም ሠራችለት። ከተማው አይቶት የማያውቅ ጥርስ! እግዜር የሰጠው ጎረቤት ጥርስ እስኪያፍር ድረስ የሚያምር። ሠዓሊው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ተመለሰ። «ትንሽ ይጫነኛል፣» ይላል። እሷም እንደማይጫነው እያወቀች ሞረዱን አየር ላይ ታስጮኽለታለች። እሱም አየር መሆኑን እያወቀ አፉን ከፍቶ፣ ዐይኑን አፍጥጦ ያያታል። ከዚህ ሌላ በመካከላቸው አንዲት ቃል አልወጣችም። እሷ ግን ወር በሞላ ቁጥር መዝገቡን ገልጣ መቼ እንደሚመጣ ታይ ነበር።

«ለካ እንደዚያ የሚያየኝ ለዚህ ኖሯል፣» አለች ለራሷ። እንደ ጄሶ ቀዝቃዛ የሆነ ነገር ከጉሮሮዋ ወርዶ ደረቷ ላይ ደረቀ።

* * *

ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ እትዬ ቀጠሮ ጠበቀቻት። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ካርድ ክፍል ተቀምጣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለከተማው ሁሉ ቀጠሮ ስትሰጥ ስሟ ተረስቶ ሥራዋ ስም ሆኗታል።

«የኔ ልጅ፣ አይቼሻለሁ፤ ያላየሽ ሰው የለም። እንኪ ቢሉኝ የማልሸከመው ፊት ነው! ይህን ደግሞ ያ ባለ ቀለሙ ትቶልሽ ሄደ።» ፖስታ ሰጠቻት። ጠርዙ ላይ የጣት አሻራ የሚያህል ቡናማ ቀለም ነበረበት። ቡናማው የጉንጯ ቀለም ነበር።

ጥርስ ሠሪዋ ፖስታውን ሳትከፍት የላይ መንጋጋ ቅርጾች የሚቀመጡበት መሳቢያ ውስጥ ወርውራ ዘጋችበት።

አራት ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ መጡ። የሠፈሩ ሊቀመንበር ከሁሉ ነገር በላይ ንግግር የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ የቧንቧ ውኃ ሲመርቁ ንግግራቸው ሳያልቅ ውኃው ጠፍቷል ይባላል። ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ግን ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብለዋል፤ ሠፈሩም በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ወፍሯል። ለቅዳሜው ሰልፍ ሙሉ ጥርስ እየሠራችላቸው ነበር።

«የከተማችን ኩራት!» አሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «ቅዳሜ ከላይ ትልቁ ሰውዬ ይመጣሉ። መድረክ ላይ ጠረጴዛ ይዘጋጃል። አንቺ ትወጫለሽ፣ በሕዝብ ፊት ትፈርሚያለሽ፣ ከየሠፈሩ የተመረጡ አርባ ልጃገረዶች ተከትለውሽ ይፈርማሉ። እንዴት ያለ ቀን ነው!»

«እኔ አልተመዘገብኩም፣ ሊቀመንበር። አልፈቀድኩም።»

«ፊትሽ ፈቅዷል።»

«ፊቴን ማን ጠየቀው?»

«አይ አንቺ ልጅ! ፊት ዘምቶ ሰውነት ቤት ሲቀር አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰውዬው ያቺን ልጅ አምጡ ሲሉኝ ምን ልበል? ቀለም ናት ልበላቸው?» ወንበሩ ላይ ጋደም ብለው አፋቸውን ከፈቱ። «በይ ለኪኝ።»

ለካቻቸው። ሰሙን ስታለሰልስ ጣቷን አቃጠላትና አልተሰማትም።

* * *

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገር ጠበቃት፦ የጋብቻ ቅጽ፣ የአባቷ የድሮ እስክሪብቶ፣ የጣት ማተሚያ ቀለም። ከጠረጴዛው ወዲህ ጡረተኛው ዳኛ፣ አባቷ፤ ከወዲያ ደግሞ በተውሶ ኮት ውስጥ የጠፋ ሠዓሊ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ፣» አሉ ዳኛው። በሕይወታቸው ስንት ሺህ ሰው ተቀመጥ ብለዋል፤ ያልተቀመጠ አያውቁም። እሷ ቆመች። «ሕጉ ግልጽ ነው። ያገባች አትሄድም። ይህ ልጅ ፈርሞ መጥቷል። ሁለት ምስክሮች አሉት። አንቺ ከፈረምሽ ነገ ማህተም ያርፍበታል።»

«አባዬ፣ ከሦስት ወር በፊት ይኸው ሰው የግቢያችንን ቁጥር ሊጽፍ ሲመጣ ምን ነበር ያልከው?»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዐይንህን ብሩሽህ ላይ አድርግ ብዬዋለሁ።»

«የዘበኛ ልጅ የዳኛ መስኮት አያይም ያልከውስ?»

«ያን ጊዜ ሌላ ነበር!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ያን ጊዜ ልጄን የሚወስድብኝ እሱ መስሎኝ ነበር።»

ጥርስ ሠሪዋ አባቷን እንደዚያ ሆነው አይታ አታውቅም። ግን ወደ ሠዓሊው ዞረች።

«አንተስ? በሕዝብ ፊት ሸጥከኝና አሁን መልሰህ በቅጽ ልትገዛኝ ነው?»

«አልሸጥኩሽም!» ብድግ አለ፤ የኮቱ እጅጌ ጣቶቹን ዋጣቸው። «ደብዳቤዬን አላነበብሽም?»

«አላነበብኩም።»

«እንግዲያው ፈርሚና ኋላ አንብቢው። ከፈለግሽ ከቅዳሜ በኋላ አታናግሪኝ። እኔ የምፈልገው እንዳትሄጂ ነው።»

«ስማ፣» አለች ቅጹን አንስታ። «ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ባላቸውን መደበቂያ አድርገውታል፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አንድ ሰው ሁለት ዓመት አፍጥጦ አይቶኝ፣ ሊናገር ሲመጣ አፉን በመንግሥት ቅጽ ሞልቶ እንዲመጣ አልጠበቅኩም። ይኼ ወረቀት ስም፣ ዕድሜ፣ ሠፈር ይጠይቃል። የሚጠይቀኝ እሱ ነው፤ አንተ አልጠየቅከኝም።»

ቅጹን መልሳ እጁ ውስጥ አደረገችው። ሠዓሊው አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን ከፈተ፤ ያ እሷ የሠራችው ጥርስ ብልጭ አለ፤ ዘጋው። ወጣ።

ጥርስ ሠሪዋ መስኮቱ ጋ ቆማ በዐይኗ ተከተለችው። ጥግ ላይ ደረሰ። አንድ ደቂቃ ቢቆም፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ሮጣ ትወርድ ነበር። አልቆመም።

* * *

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪውን ከውስጥ ቆልፋ መሳቢያውን ከፈተችና የከተማው የላይ መንጋጋ ሁሉ እያያት ደብዳቤውን አነበበች።

«ዓርብ ከሰዓት ጠርተው፣ የማትፈራ ቆንጆ ሴት ሥራ፣ እስከ ሰኞ ይድረስ አሉኝ። ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ ሰጡኝ። ፎቶውን በእርሳስ መቶ ሃያ ካሬ ከፈልኩት፤ ቢልቦርዱንም መቶ ሃያ። ሥራችን እንዲህ ነው፤ አንዱን ካሬ ስትሠሪ አፍንጫሽ ግድግዳው ላይ ነው፤ ሌላው አይታይሽም። ቅንድቡ ካሬ ላይ ስደርስ እጄ ጠባሳ አኖረ። ከፎቶው የገለበጥኩ መስሎኝ ነበር። ጥርሱ ጋ ስደርስ ፍንጭት አበጀ። ያንንም ከፎቶው ያየሁት መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ንጋት ላይ መወጣጫውን ሲያነሱ አርባ እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ቀና ስል፣ አንቺ ነሽ። ፎቶውን ከኪሴ አውጥቼ አየሁ፤ ሌላ ሴት ናት፤ በምንም አትመስልሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል መተንፈስ ያቃተኝ ሰው፣ ይኸው አደባባይ ላይ በስድስት ሜትር ጮኼ ተናገርኩት፤ ደግሞም በእኔ ጩኸት አንቺ ተያዝሽ። ይቅር እንድትይኝ አልጽፍም። አንድ ነገር ግን እወቂልኝ፤ የሚጫነኝ ጥርሱ አልነበረም።»

ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ወጣች። ሐሙስ ቀትር ላይ አደባባዩ ሰው ሞልቶ ይፈስሳል። መወጣጫው ተመልሶ ቆሟል፤ ለቅዳሜ መለዮዋ ላይ ኮከብ ጨምርበት ተብሎ ሠዓሊው አናት ላይ ቁጭ ብሏል። ጥርስ ሠሪዋ የመጀመሪያውን መሰላል ጨበጠች።

«ኧረ! ምን ልታደርጊ ነው የምትወጪው?» አለ ከላይ።

«ጉንጬን ልጎበኝ።»

የዳቦው ሰልፍ ቀና አለ። የጋብቻውም ሰልፍ ቀና አለ። ሴትዮዋ በራሷ አገጭ፣ በራሷ ከንፈር፣ በራሷ አፍንጫ ላይ እየተንጠላጠለች ስትወጣ ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራል። ዐይኗ ጋ ስትደርስ አረፈች። እውነቱን ነበር፤ ከዚያ ቅርበት ምንም አይታይም። ቡናማ ሐይቅ፣ ጥቁር ሐይቅ፣ ነጭ ሐይቅ። እሷ የለችም። እሱ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ሳያያት ሠርቷታል።

«አነበብኩት፣» አለች።

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለ። «ነገ አጠፋዋለሁ። ሌላ ፊት አደርግበታለሁ።»

«የማንን?»

«ዝም ብሎ የአንዷን።»

«እስቲ አንዷን አሳየኝ።» ወደ ታች አመለከተች። «ያቺ ባለ ቀይ ሻርፗ? ወይስ ያቺ ዳቦ የያዘችው? ማንን ብትሠራ፣ ትመስላታለች የተባለች ሁሉ ቅዳሜ ጠረጴዛው ጋ ትጎተታለች። እኔ የምወርደው ሌላዋ እንድትወጣ ነው?»

ሠዓሊው አሰበ። ከዚያ ዐይኑ ውስጥ አንድ ሰይጣን ብልጭ አለ። «የሊቀመንበሩን ልጅ ብሠራትስ? አክስቷ ቤት ደብቀዋታል። አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ያየሁትን…»

ጥርስ ሠሪዋ ሳቀች፤ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። መወጣጫው ተንቀጠቀጠ። «ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሷ ምን አደረገች? እሷም እንደኔው ናት፤ ፊቷን አልጠየቋትም።»

ይህን ብላ ጀርባዋን ሰጠችውና ከተማውን አየች። ነፋሱ ፀጉሯን ከማጅራቷ ላይ አነሳው።

«ቆይ፣» አለ ሠዓሊው። ድምፁ ተለወጠ። «አትንቀሳቀሺ። እንደዚያው ቁሚ።»

«ምን?»

«ጀርባ። ከኋላ የምትታይ ሴት። ማጅራት፣ ፀጉር፣ ትከሻ። የማንም አትሆንም። ፊት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ማጅራት ግን ሁለት ባልዲ ጥቁር ቀለም ነው፤ በአንድ ቀን አደርሰዋለሁ!»

ቀስ ብላ ዞረች። በመካከላቸው አንድ ክንድ ሳንቃ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነው ነው የተያዩት፤ እኩል ቆመው ተያይተው አያውቁም።

«ቅጹን ይዘኸዋል?»

«ቀድጄዋለሁ።»

«እንግዲያው አሁን ጠይቀኝ።»

ሠዓሊው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ሱሪው ከእጁ የባሰ ነበር። «ታገቢኛለሽ?»

ሁለት ቃል እንኳን አትሞላም። ለሷ ግን ከቢልቦርዱ ፊደላት ሁሉ ገዝፋ ታየቻት። «መልሱ ያለው ቅዳሜ ነው፤ ያ ጠረጴዛ ከመድረኩ ከተነሳ በኋላ። ጠረጴዛው እያለ እሺ ብልህ፣ ከሱ ሸሽቼ ይሁን ወዳንተ መጥቼ ዕድሜ ልካችንን አናውቀውም።»

«ካልተነሳስ? ፈርመሽ ብትሄጂስ?»

«ይነሳል፣» አለች። እንዴት እንደሚነሳ አታውቅም ነበር። ግን ስትወርድ ጉልበቷ እንደ ድንጋይ ጸንቶ፣ ልቧ እንደ ላባ ቀሎ ነበር።

* * *

ዓርብ ጠዋት እትዬ ቀጠሮ ወሬውን ሰምታ ጆሮዋ ውስጥ ሹክ አለቻት። «ጥርሱን ያዢባቸው! ያለ ጥርስ ምን አባታቸው ይናገራሉ?»

«ሥራዬን መያዣ አላደርግም፣ እትዬ። ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ እሰጣቸዋለሁ።»

ሰጠቻቸው። ሊቀመንበሩ አጥልቀውት መስተዋቱ ፊት ፈገግ ሲሉ ሃያ ዓመት ወረደላቸው። «ሃያ ሰባት ገጽ!» አሉ። «ነገ ሃያ ሰባት ገጽ አነባለሁ!»

«ያንብቡ። ግን ይወቁት፤ አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ይጫናል። ድድዎ እስኪለምደው በየሳምንቱ መሞረድ አለበት፤ ስድስት ወር ይፈጃል። የእርስዎን መንጋጋ የማውቀው እኔ ነኝ። ካምፕ ስገባ ማን ይሞርድልዎታል?»

የሊቀመንበሩ ፈገግታ ጥርሱ ላይ ብቻ ቀረ። «ምን ላድርግ ልጄ? ስዕሉ አለ!»

«ስዕሉ ፊት የለውም።»

መስኮቱ ጋ ሮጡ። ከሩቅ መወጣጫው ላይ አንድ ሰው በሰፊ ብሩሽ አፍንጫዋን ጥቁር ሲቀባ ታያቸው።

«ጀርባዋን! ጀርባዋን ለሕዝብ ሰጠ!»

«ፊቷን ለጠላት፣» አለች ጥርስ ሠሪዋ እጇን እየታጠበች።

ሊቀመንበሩ ነገሩን በአዲሱ ጥርሳቸው ቀስ ብለው አላመጡት። «ፊቷን… ለጠላት።» በሩ ጋ ሲደርሱ ቀና አሉ። «እንዲያውም እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው።» ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሐሳቡ ከዱሮም የራሳቸው ነበር። ግን ተመልሰው አንገታቸውን አስገቡ። «ሰውዬው ያቺ ማን ናት ቢሉኝስ?»

«እውነቱን ይንገሯቸው።»

«የትኛውን?»

እሷ ሊቀመንበሩ ሲሄዱ መሞረጃዎቿን አንድ በአንድ ጠርጋ ቦታ ቦታቸው ደረደረች፤ ሰኞ እዚህ እንደምትገኝ ሴት።

* * *

ቅዳሜ አደባባዩ ላይ አምስት ሺህ ሴት ነበረች። ሦስት መቶ የሚሉ አሉ፤ እነሱ ከኋላ ቆመው ነው። መድረኩ ላይ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ፣ መዝገቡ ላይ እስክሪብቶ። ሊቀመንበሩ ሃያ ሰባቱንም ገጽ አነበቡ። ትልቁ ሰውዬ በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ሰዓታቸውን አዩ።

በመጨረሻ ሰውዬው ከሕዝቡ ኋላ ከፍ ብሎ ወደሚታየው ቢልቦርድ በጣታቸው አመለከቱ። አንዲት ግዙፍ ሴት ማጅራቷን ለከተማው ሰጥታ ወደ ሩቅ ትራመዳለች። «ጥሩ ነው። ይህች ማን ናት? ትውጣና ትፈርም፤ ሌሎቹ ይከተሏት።»

የሊቀመንበሩ ዐይን ሦስተኛው ረድፍ ላይ የቆመችው ጥርስ ሠሪዋ ላይ አረፈ። አባቷ ክንዷን ያዙ። አልለቀቋትም። የከተማው ሕዝብ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ማክሰኞ አይቷታል፤ ሐሙስ ስትወጣ አይቷታል። አንድ ጣት ቢነሳ አበቃ። ጥርስ ሠሪዋ አገጯን ቀና አደረገች። ብትጠራ ወጥታ፣ በማይክራፎኑ አልፈቀድኩም ልትል ቆርጣ ነበር።

«እኔ ነኝ!»

ድምፁ የመጣው ከጎን ነበር። እትዬ ቀጠሮ በስልሳ አራት ዓመቷ፣ ሁለት ሰው በሚያህል ወገቧ፣ ወንበር ላይ ወጥታ ቆማለች።

ሰውዬው ግራ ገባቸው። «እርስዎ?»

«አዎ፣ ጌታዬ! ጀርባዬን አላወቁትም? ይኸው ያስተያዩት!» ብላ ዞር አለች።

ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሳያልቅ ባለ ቀይ ሻርፗ «ኧረ እኔ ነኝ! ፀጉሯ የኔ ነው!» ብላ ዞረች። «ትከሻዋን እዩት፣ የኔ ነው!» አለች ልጅ ያዘለች አንዷ፤ ዞረች። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቶ፤ እየሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ ማን እንደምትመስላት ሊያሳዩ ዞሩ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መድረኩ ፊት ከማጅራት በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ።

ትልቁ ሰውዬ አከበሩኝ ይበሉ ናቁኝ ይበሉ ቸገራቸው። «ሊቀመንበር፣ ይህ ምንድን ነው?»

ሊቀመንበሩ ምላሳቸውን በአዲሱ ጥርስ ላይ አዞሩት። በግራ በኩል፣ ከታች፣ ትንሽ ይጫናቸው ጀምሯል። በየሳምንቱ፣ ስድስት ወር። ማን ይሞርድላቸዋል? «እውነቱን ለመናገር ጌታዬ፣» አሉ ወደ ማይክራፎኑ፣ «ሁሉም ናቸው! አንዷን ለይተን ብናስፈርም ሌሎቹን መበደል ነው!» አጨበጨቡ። ጭብጨባቸው ብቻውን ረጅም መንገድ ሄደ። ሰውዬው ደግመው ሰዓታቸውን አዩና ወደ መኪናቸው ወረዱ።

ጥርስ ሠሪዋም ዞራ ነበር። ጀርባዋን ለመድረኩ ስትሰጥ ፊቷ በቀጥታ ያረፈው ቢልቦርዱ ሥር፣ ባልዲውን ይዞ በቆመው ሠዓሊ ላይ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ ያያታል። ዐይኑን አልጨፈነም።

እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ጠበቀች። ከኋላዋ መዝገቡ ሲዘጋ ሰማች። ቀዩ ጨርቅ ሲታጠፍ ሰማች። የጠረጴዛው እግር ሳንቃውን እየፋቀ ሲነሳ ሰማች። ሰኞ ሌላ ቅጽ ይመጣ ይሆናል፤ ይምጣ፤ ሰኞ የሰኞ ነው። ያን ጊዜ አባቷ ክንዷን ለቀቁ፤ በቀስታ፣ በገዛ እጃቸው ወደ ፊት ገፋ አደረጓት።

ሁለት መቶውን እርምጃ ሳትሮጥ ሄደች። ፊቱ ቆመች።

«አሁን ደግመህ ጠይቀኝ።»

ሠዓሊው አፉን ከፈተ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ትንሽ ይጫነኛል፣» አለ።

ጥርስ ሠሪዋ ፍንጭቷ እስኪታይ ሳቀች። ዐይኗ ውስጥ የሞላውን እንባ ለመጥረግም አልቸኮለችም።

«አውቃለሁ፣» አለች። «እኔንም። እሺ፤ አገባሃለሁ።»

ከበላያቸው ግዙፏ ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ትራመዳለች። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ከተማው ሁሉ እስከ ዛሬ ይከራከራል። የጥርስ ሠሪዋ ፊት ግን ያን ቀን የራሷ ነበር፤ ሲፈቅድም እሷ ስለፈቀደች ነው።